ሰንጢ ሲገዛ፦ ከገበያ እስከ ድንች ማሳ

መካነ ኢየሱስ፦ በእስቴ፣ በስማዳና በጋይንት ገጠር ማልዶ ከቤቱ የሚወጣ አርሶ አደር ጋቢውንና በትሩን እንደማይረሳ ሁሉ አንዲት ትንሽ ስለትም ከእርሱ አትለይም። የረዘመ ምራን ታሳጥራለች፣ አልፈታ ያለ ገመድ ትቆርጣለች፣ የማዳበሪያ ከረጢት ትከፍታለች፣ ድንች ትልጣለች። እረኛው በእርሷ ሸምበቆ ቀርጾ ዋሽንት ያበጃል። በድጓ ትምህርት ስሟ በታወቀው በጋይንቷ ቤተልሔምም ኾነ በሌሎች ጉባኤ ቤቶች የሚውል የአብነት ተማሪ የመቃ ብዕሩን የሚቀርጸው በእንዲህ ያለች ትንሽ ቢላ ነው።

ይህን ሁሉ የምትሠራው ዕቃ ግን ስትገዛ ብዙ ጊዜ አይመከርባትም። በገበያ ቀን ከመደቡ ላይ ከተዘረጉት ሰንጢዎች የምታብረቀርቀው ትነሣለች፣ ከፈት ከደን ትደረጋለች፣ ዋጋ ይቆረጥላትና ኪስ ትገባለች። ጉድለቷ የሚታወቀው በሥራ መሐል ጣት ላይ ስትታጠፍ፣ ወይም በአንድ ወር ውስጥ ደንዛ ሽንኩርት እንኳ መክተፍ ሲያቅታት ነው። ከዚያ የከፋም አለ። የአንዲት ትንሽ ቢላ አያያዝ የአንድን ማሳ ድንችም ኾነ የአንድን ቤተሰብ ጤና ሊያበላሽ ይችላል።

በመጀመሪያ መለየት ያለበት የምትታጠፈው ሰንጢ ትሻላለች ወይስ አፎት ያለው የማይታጠፍ ትንሽ ቢላ የሚለው ነው። ሰንጢ በኪስ ውስጥ ያለ ስጋት ትቀመጣለች፤ ስትታጠፍ የስለቱ ጫፍ በእጀታው ውስጥ ስለሚደበቅ ሲቀመጡም ኾነ ሲጎነበሱ አትወጋም። ድክመቷ መታጠፊያዋ ነው። ጭቃ፣ የድንች ውኃ፣ ደምና ስብ በዚያች ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፤ በቀላሉም አይወጣም። ወጥ ቢላ ይህ ችግር የለበትም፤ አጥቦ ማድረቅ ይበቃዋል፣ የሚላላ መታጠፊያም የለውም። አፎቱ ከተቀደደ ወይም ከሰፋ ግን ባለቤቱን ይወጋል። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው ከእንስሳትና ከሥጋ ጋር የኾነ ሰው ወጥ ቢላ ቢመርጥ፣ ገመድ ለመቁረጥ፣ ፍራፍሬ ለመላጥና ብዕር ለመቅረጽ የሚሻ ደግሞ ሰንጢ ቢይዝ ያዋጣዋል።

ሁለተኛው የብረቱ ጉዳይ ነው፤ ሸማቹ በአብዛኛው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። የአካባቢው ባለ እጆች ቢላ የሚሠሩት ከአሮጌ ብረት ነው። ከእነዚህ መካከል ተመራጩ የመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ሲጫኑት ጎብጦ ሲለቁት እንዲመለስ ተደርጎ የተሠራ በመኾኑ በውስጡ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ይዟል። ይህ መጠን ትንሽ ቢመስልም ብረት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ እንዲጠነክር የሚያደርገው እርሱ ነው። ለቤት ግንባታ የሚውለው ፌሮ ግን የካርቦን መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ0.3 በመቶ ስለማይበልጥ ምንም ያህል ቢቀጠቀጥና ውኃ ውስጥ ቢነከር የሚፈለገውን ጥንካሬ አያገኝም። የፌሮ ቢላ ከተሳለ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይቆርጣል፤ ከዚያ ጠርዙ ይተኛል።

ባለ እጁ ብረቱን በከሰል እሳት ላይ አድርጎ በወናፍ ያነድዳል፣ በጉጠት ይዞ በመስፍ ላይ በመዶሻ ቅርጽ ያስይዘዋል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ የቢላውን ዕድሜ ይወስናል። ብረቱ እንደገና እስኪቀላ ይግላል፤ ትክክለኛው ሙቀት ላይ ሲደርስም ማግኔት አይስበውም፤ ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲደርስ ይህን ባሕርይውን ያጣልና። ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ በዘይት ወይም በውኃ ውስጥ ይነከራል። ለባሌስትራ ዘይት ይሻላል፤ ውኃ ፈጥኖ ስለሚያቀዘቅዘው ሊሰነጥቀው ይችላል። እንዲህ የተነከረ ብረት እጅግ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን እንደ መስታወት ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና በለሆሳስ ይሞቅና ፊቱ የገለባ መልክ ሲይዝ፣ ይኸውም ከ220 እስከ 230 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ፣ ይተዋል። ሙቀቱ አልፎ ሰማያዊ ከኾነ ለስላሳ ይኾናል፤ ለባሌስትራ መልካም ቢኾንም ለቢላ ስለት አይበጅም።

ሸማቹ ይህን ሂደት ቆሞ ማየት ላይችል ይችላል፤ የሚፈትንበት መንገድ ግን አለው። በደቃቅ ሞረድ የስለቱን ጠርዝ በቀስታ መንካት ነው። ሞረዱ እንደ ቅቤ ከበላው ቢላው አልጠነከረም፤ ከቶ ሳይነካው ከተንሸራተተ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠንክሯል፣ ሊሸረፍም ይችላል። እየተንገራገጨ ጥቂት የሚበላው ደኅና ነው። ሻጩ ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ከኾነ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳይነሣ ቢታለፍ ደግ አይኾንም። ይህን ሁሉ ጥበብ በእጃቸው የያዙ ቀጥቃጮች ለዘመናት በስድብ ሲጠሩና ከማኅበራዊ ሕይወት ሲገለሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ከዚያም በፊት ከመካነ ኢየሱስ ሩቅ ባልኾነችው በደብረ ታቦር አቅራቢያ፣ ጋፋት ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩት የብረት ሠራተኛን ዋጋ ተረድተው ነበር። ዛሬም ቢላውን በኪሱ ይዞ የሠራውን ሰው የሚያማ አይጠፋም።

ከውጭ የሚገቡት ሰንጢዎች አብዛኛዎቹ ስቴንለስ ከሚባለው የማይዝግ ብረት የተሠሩ ናቸው። ይህ ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮምየም የተቀላቀለበት ነው። እ.ኤ.አ በ1913 በእንግሊዟ ሼፊልድ ሃሪ ብሪርሊ የተባለው የብረት ባለሙያ ከሠራው በኋላ የቢላ ገበያን ለውጦታል። በክረምት እርጥበት አይበላሽም፣ ሎሚና ሽንኩርት አያጠቁሩትም። ኾኖም “የማይዝግ” የሚለው ማኅተም “ጥሩ ስለት ያለው” ማለት አይደለም። ርካሹ ስቴንለስ ካርቦኑ አነስተኛ ስለኾነ ፈጥኖ ይደነዝዛል፤ እየሳሉ መኖርን ይጠይቃል። የባሌስትራ ቢላ በአንጻሩ ስለቱን ይዞ ይቆያል፣ በድንጋይም በቀላሉ ይሳላል፤ ሳይደርቅ ካደረ ግን በማግሥቱ ዝገት ይታይበታል። ስለዚህ ጥያቄው ከሁለቱ የትኛውን ሥራ መሥራት ይቀላል የሚለው ነው፤ ማድረቅና ቅባት መቀባት ወይስ ቶሎ ቶሎ መሳል? ማታ ማታ ቢላውን ለመወልወል ትዕግሥት ለሌለው ሰው ስቴንለሱ ይሻለዋል።

የሰንጢዋ መታጠፊያ ሲፈተሽ ጊዜ መስጠት ይገባል። ከፍቶ በሁለት ጣት ስለቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መወዝወዝ፤ ከተንገጫገጨ ማያያዣ ምስማሩ ላልቷል ወይም ከመጀመሪያውም አልጠበቀም። ብዙዎቹ ተራ ሰንጢዎች መቆለፊያ የላቸውም፤ ስለቱን የሚይዘው በእጀታው ጀርባ ያለው ሞላ ብቻ ነው። ጣትን ከስለቱ መንገድ አርቆ፣ የስለቱን ጀርባ በመደቡ ጠርዝ ላይ በቀስታ መጫን የሞላውን ጉልበት ያሳያል። በትንሽ ጫና የሚታጠፍ ከኾነ አንድ ቀን በሥራ ላይ ጣት ላይ ይታጠፋል። ስትዘጋ ደግሞ የስለቱ ጫፍ ሙሉ በሙሉ መደበቅ አለበት፤ በጥፍር እንኳ የምትነካ ጫፍ ኪስ ትቀድዳለች፣ ቀጥሎም ጭን።

መቆለፊያ ያላቸውም አሉ። የፈረንሳዩ ኦፒኔል የእንጨት እጀታ ያለው የገበሬ ሰንጢ ነው። ዮሴፍ ኦፒኔል በሳቮዋ ተራሮች እ.ኤ.አ በ1890 መሥራት የጀመረው ይህ ሰንጢ እ.ኤ.አ በ1955 በእጀታው አናት ላይ የሚዞር የብረት ቀለበት ተጨምሮለት ሲከፈት እንዳይታጠፍ ኾኗል። አሠራሩ ቀላል በመኾኑ እስካሁን ብዙም አልተለወጠም። የስዊዘርላንዱ ቀይ ሰንጢ ደግሞ ካርል ኤልሰነር እ.ኤ.አ በ1891 ለአገሩ ወታደሮች ማቅረብ ከጀመረው የመጣ ነው፤ ቆርቆሮ መክፈቻው፣ ብሎን መፍቻውና ወስፌው በአንድ እጀታ ውስጥ የተሰበሰቡት ለወታደር ተብሎ ነበር። የእርሱን ቀይ መልክና የመስቀል ምልክት አስመስለው የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ምልክቱን ከማመን ይልቅ ሞላውን መፈተን ይበጃል፤ አሥር ዕቃ የያዘችና አንዱም በቅጡ የማይሠራባት ሰንጢ ክብደቷ ብቻ ነው የሚተርፈው።

አንድ ዓይነት ሰንጢ ግን ለገበሬም ኾነ ለከተሜ አይመከርም። ቁልፍ ሲጫኑት ስለቱ በራሱ ተፈንጥሮ የሚከፈተው ነው። ወጣቶች ይወዱታል፤ ሲከፈት የሚያሰማው ድምፅ ይስባቸዋል። ይሁን እንጂ አቧራ ሲገባው ይያዛል፣ ኪስ ውስጥም ሳይታሰብ ሊከፈት ይችላል፤ ደግሞም ማንም ሲያየው ለሥራ እንደተያዘ አይገምትም።

በመጠን ረገድ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚኾን ስለት ለዕለት ሥራ ይበቃል። ድንች ሲላጥም ኾነ ብዕር ሲቀረጽ የሚሠራው አውራ ጣት አጠገብ ያለው የስለቱ ክፍል ነው፤ ከዚያ የረዘመው ትርፍ ነው። ውፍረቱም ከጀርባው በኩል 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ቢኾን መልካም ነው። ወፍራም ስለት ድንችን ይሰነጥቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። እጀታው ግን ማነስ የለበትም፤ አራቱ ጣቶች ካላረፉበት እጅ ይንሸራተታል። የወይራ እንጨትና የቀንድ እጀታ በእርጥብ እጅም ቢኾን አያንሸራትቱም፤ ለስላሳው ፕላስቲክ ያንሸራትታል። ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ መኾኑም የግድ አይደለም። በሬ ወይም በቅሎ በታሰረበት ገመድ ተጠላልፎ ሲታነቅ ገመዱ የሚቆረጠው በሚወራጭ እንስሳ አንገት ላይ ነውና ጫፉ ወደ ታች የወረደ ስለት ለእንስሳውም ለሰውየውም ይሻላል። መርከበኞችም ለገመድ ሥራ የሚመርጡት እንዲህ ያለውን ነው። የሾለውን በሞረድ ማስጎንበስ የአንድ ባለ እጅ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ማለፍ ይገባል። የጉና ተራራን ዙሪያ ይዘው ያሉት ደጋማ አካባቢዎች ድንች አብቃይ ናቸው። ትልልቅ የዘር ድንችን ከሁለትና ከሦስት ቆርጦ መትከል ዘር ይቆጥባል፤ የሚቆረጠውም በዚያችው የኪስ ቢላ ነው። የድንች አጠውልግ የሚባለው በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ከአንዱ ድንች ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። አንድ የታመመ ድንች የቆረጠ ስለት ቀጥሎ የሚቆርጣቸውን ጤነኞች ይበክላል። ገበሬው የሚያየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ተክሉ ሳይቢጭ፣ አፈሩም እርጥብ ሳለ፣ በጠራራ ፀሐይ እንደተጠማ ይጠወልጋል። በሽታው አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይለቅም፤ የሚያድነው መድኃኒትም የለም።

መኖሩን ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። የጠወለገውን ተክል ግንድ ከሥሩ አካባቢ ቆርጦ ንጹሕ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ማንጠልጠል ነው። በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ከግንዱ ወደ ውኃው ከወረደ በሽታው እርሱ ነው። የተቆረጠ ድንችም ዙሪያው ቡናማ ቀለበት ይዞ ዝልግልግ ነገር ካወጣ ለዘር አይውልም።

መፍትሔው በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው የእንቁላል መጠን ያለውን ጤነኛ ዘር መርጦ ሳይቆርጡ መትከል ነው። መቁረጥ ግድ ከኾነ ደግሞ ሁለት ቢላ መያዝ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው በረኪና ውስጥ ይቆያል። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ቢበጠበጥ በቂ ነው፤ ቆሻሻና አፈር ሲበዛበት ጉልበቱን ስለሚያጣ መቀየር አለበት። በረኪና ብረት ስለሚበላ ሥራው እንዳለቀ በንጹሕ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የምትታጠፈው ሰንጢ አትመረጥም፤ በመታጠፊያዋ የተቀመጠውን የድንች ውኃ በረኪናው ላያገኘው ይችላል። በደቡቡ የአገራችን ክፍልም የእንሰት አጠውልግ በሽታ ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋነኛው ቢላ ነው፤ በዚያ ያሉ ገበሬዎች ስለቱን በእሳት ላይ እንዲያሳልፉ የሚመከሩት ለዚህ ነው።

ከሰብሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን አባ ሰንጋ ነው። ትናንት ደኅና የነበረ በሬ በድንገት ሲሞት፣ ከአፍንጫው፣ ከአፉ ወይም ከፊንጢጣው ያልረጋ ጥቁር ደም ሲወጣ፣ ሬሳው ፈጥኖ ሲነፋና ሳይደርቅ ሲቀር ሊጠረጠር የሚገባው ይህ በሽታ ነው። ሀብቱን ያጣ ገበሬ ቆዳውን እንኳ ላትርፍ ብሎ ቢላውን ከኪሱ ያወጣል፤ ሐዘኑና ጉዳቱ የሚገባ ነው። ነገር ግን ሬሳው ሲከፈት ተሐዋስያኑ አየር ያገኛሉ፤ ያን ጊዜ ድርቅን፣ ሙቀትንና ጊዜን የሚቋቋም ጠንካራ ቅርፊት ይሠራሉ። በአፈር ውስጥም ለአሥርት ዓመታት ይቆያሉ። ቆዳውን የገፈፈ ሰው እጁ ላይ መሐሉ የጠቆረ ቁስል ይወጣበታል፤ ሥጋውን የበላ ደግሞ የከፋ ሕመም ይገጥመዋል። በጊዜ ሐኪም ዘንድ የደረሰ ሰው በመድኃኒት ይድናል።

ቢላውስ? በአረቄ መወልወል አያነጻውም፤ አልኮል ያንን ቅርፊት አይገድለውም። በፈላ ውኃ ለአፍታ መንከርም አያስተማምንም። እስኪቀላ በእሳት ማጋል ይገድለዋል፤ ያን ጊዜ ግን ባለ እጁ በጥንቃቄ የሰጠው ጥንካሬ ይጠፋና ቢላው ከፌሮ አይሻልም። በዚያችው ስለት ማታ ልጅ ብርቱካን ሊላጥላት፣ እናት ሽንኩርት ልትከትፍባት ይችላል። ስለዚህ በድንገት የሞተ እንስሳ ፈጽሞ አይከፈትም፤ ሌሎቹን ከብቶች አርቆ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ኬላ ወይም ለግብርና ባለሙያው መንገር ነው። ሬሳው ሳይከፈት በጥልቅ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ክትባቱ በአገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል፤ በየዓመቱ ማስከተብ ከአንድ በሬ ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

እርጥብ ማገጥ በልቶ ሆዱ የተነፋ በሬም በኪስ ቢላ ይወጋ ዘንድ የሚመክሩ አሉ። የእንስሳት ሐኪም ትሮካር በተባለ መሣሪያ በግራ ጎን በኩል አየሩን ያስወጣል፤ መሣሪያው ቱቦ ስላለው የጨጓራው ይዘት ወደ ሆድ ዕቃ እንዳይፈስ ያደርጋል። ቢላ ቱቦ የለውም። ተወግቶ የዳነ በሬ ቢኖርም ሆዱ መግሎ የሚሞትም አለ።

ስለትን ስለ መሳል ሲነሣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በማዕዘኑ ነው። ቢላው በድንጋዩ ላይ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ቀና ማለት አለበት፤ ከስለቱ ጀርባ ሥር ሁለት የብር ሳንቲሞች ደራርቦ ማስገባት ለትንሽ ቢላ ተቀራራቢውን ልክ ያሳያል። በአንዱ ወገን ጠርዙ ላይ ቀጭን የብረት ፀጉር እስኪዳሰስ፣ ከዚያ በሌላው ወገን፣ በመጨረሻም ፀጉሩ እንዲወድቅ በጠፍር ላይ ወደ ኋላ እየጎተቱ መወልወል ነው። ድንጋዩ ውኃ ይፈልጋል። በኤሌክትሪክ በሚዞር ድንጋይ ማሳል ፈጣን ቢኾንም ብረቱ ከጋለና ሰማያዊ ካደረገ ያው የጥንካሬ መጥፋት ነው። የደነዘ ቢላ አይጎዳም የሚለው ግምት ስሕተት ነው፤ ጉልበት ስለሚጠይቅ የሚያንሸራትተውና እጅ የሚቆርጠው እርሱ ነው። ቆርጦ ከኾነም፣ በተለይ በአፈርና በፍግ የተነካካ ስለት ከኾነ፣ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ አጥቦ ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል።

አያያዝን በተመለከተ፣ ከተማ ውስጥ “ሰንጢ” የሚለው ቃል ሲሰማ ሰው የሚያስበው ማጅራት መቺን ነው። ማሳ ላይ መሣሪያ የኾነው ዕቃ በመናኸሪያ ፍተሻ ላይ ጥያቄ ያስነሣል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 በሰላም የመሰብሰብና ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግ መብትን የሚሰጠው መሣሪያ ሳይያዝ ነው። ጥምቀትም ኾነ ስብሰባ ሲኬድ፣ ፍርድ ቤት ሲገባ ሰንጢ ቤት ትቅር። በአውሮፕላን የሚሄድም ከእጅ ሻንጣው አውጥቶ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ያድርጋት። ጠላ ቤትም ሌላው መተው ያለባት ቦታ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ በቡጢ የሚያልቀው ጠብ ኪስ ውስጥ ስለት ካለ በሕይወት መጥፋትና በእስር ሊያልቅ ይችላል።

ሰንጢዋ ከቆሸሸች ተከፍታ በሞቀ ውኃና በሳሙና፣ መታጠፊያዋ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትታጠባለች። እንደተከፈተች ፀሐይ ላይ ትደርቃለች፤ ከዚያ አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት በመታጠፊያዋ ላይ ይንጠባጠባል። ምስማሩ ከላላም ከመጣል በፊት ወደ ቀጥቃጩ መውሰድ ነው፤ በመስፉ ላይ ሁለት ጊዜ በመዶሻ መታ ካደረገው ይጠብቃል።